ዳዊት ለሳኦል አልቅሷል፤ እኛ ለምን ፈራን?



ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው። መስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ድምፃዊ ማዲንጎ አፈወርቅ በድንገት መሞቱ ተሰማ። የጎንደር ልጅ ነውና ወሬው እኛ ዘንድ ነፋስ መውጫ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በወጣቶች ፕሮግራማችን ላይ የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ፣ ከኋላ ወንበር አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እጁን አነሣና «ለማዲንጎ ቤተሰብ እንጸልይ» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። እኔ አስተማሪያቸው ግን ከሳቁት የባሰ ሠራሁ። «እዚህ የምንጸልየው ለዘፋኝ አይደለም፤ ሌላ ርእስ ያለው?» ብዬ አለፍኩት። ልጁ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያም ወዲህ አልመጣም።

ምክንያቱን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ታላቅ ወንድሙ በጦርነቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ለቤተሰቡ የቀረው የወንድምየው ስልክ ነው፤ ሚሞሪው በማዲንጎ ዘፈን የተሞላ ነው። ልጁ በዚያች ቅዳሜ ያለቀሰው ለዘፋኙ ብቻ አልነበረም። ወንድሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሞቶበት ነበር። እኔ ይህን አላወቅሁም፤ ማወቅ አልፈለግሁም ማለትም ይቻላል። አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ሳብሰለስል ቆይቼ የደረስኩበትን በግልጽ እናገራለሁ። ዝነኛ ሰው ሲሞት በእኛ ቤት ሁለት ስሕተት ይሠራል። እኔን መሰል አስተማሪዎችና ሽማግሌዎች እንፈርዳለን፤ ከእናንተ ከወጣቶቹ ብዙዎች ደግሞ ታመልካላችሁ። ሁለቱም ማስታወስ አይደለም።

ስለ ፈራጆቹ

የፈራጁን ንግግር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አስከሬኑ ገና ሳይወጣ «የት ገባ ይሆን?» ይባላል። ራስ ይነቀነቃል። ቀጥሎ ስብከት ይሆናል፤ የሟቹ ስም ለማስፈራሪያ ይጠራል። ይህ የወንጌል ቅንዓት ይመስለናል። እኔ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታችሁ እንድትፈትኑት እጠይቃለሁ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎች ተጽፏል። ጌታ ሟቾቹ ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንደ ነበሩ የሚያስበውን ሰው ሐሳብ አልተቀበለም። ጥያቄውን ወደ ሰሚዎቹ መለሰው፤ ንስሓ የሚገባው ቆሞ የሚሰማው ሰው እንደ ሆነ ተናገረ። እኛ ግን የሞተውን እንመረምራለን፤ የቆምነውን ራሳችንን እንተዋለን።

ከዚህ በላይ እኔን ያሳፈረኝ የዳዊት ነገር ነው። ሳኦል ለዳዊት ምን ነበር? አሳዳጁ ነበር። ዳዊት በገና እየደረደረለት ሳለ ጦር የወረወረበት ሰው ነው። የኖብን ካህናት አስፈጅቷል፤ በመጨረሻም ወደ መናፍስት ጠሪ ሄዷል። «የት ገባ ይሆን?» ለማለት ከዳዊት የበለጠ ምክንያት የነበረው ማን ነው? ዳዊት ግን የሳኦልን ሞት ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፣ እስከ ማታ ጾመ፣ የልቅሶ ቅኔ ተቀኘ። በቅኔውም የሳኦልን ብርታት ተናገረ፤ የእስራኤልን ሴቶች ማልበሱን ተናገረ። የይሁዳም ልጆች ቅኔውን እንዲማሩት አዘዘ።

አሁን ልብ በሉ። ዳዊት በዚያ ልቅሶ ሳኦልን ጻድቅ ነው አላለም። ያልነበረውን መንፈሳዊነት አልፈጠረለትም። የነበረውን ብቻ አነሣ። በሌላ በኩል ያው የሳሙኤል መጽሐፍ የሳኦልን ውድቀት አንድም ሳይሸሽግ ጽፎልናል። ልቅሶውም እውነቱም በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኛ አንዱን ይዘን ሌላውን የምንጥለው ለምንድን ነው?

«እርሱ ንጉሥና የተቀባ ነበር፤ ይህ ግን ዘፋኝ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ደግ፤ እንግዲያው ወደ ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 እንሂድ። ዩባል በገናና ዋሽንት ለሚይዙ ሁሉ አባት እንደ ነበር ተጽፏል። የማን ዘር ነው? የቃየን። አባቱስ? ሰው መግደሉን ለሚስቶቹ የነገራቸው ላሜሕ። መጽሐፉ ዘሩን አልደበቀም፤ ሙያውንም አልካደም። ዳዊት የደረደረው በገና ሙያ በቃየን ወገን መጀመሩን ሳያፍር ነግሮናል። ስለዚህ «ዘፋኝ ነውና ስሙ አይነሣ» የሚል ትእዛዝ ከመጽሐፍ አላገኘሁም።

እንዳትሳሳቱብኝ። ዓለማዊ ዘፈን ሁሉ ይደመጥ እያልኩ አይደለም። ምን እንደምታዳምጡ ከወላጆቻችሁና ከአስተማሪዎቻችሁ ጋር የምትመካከሩበት ሌላ ጉዳይ ነው። የማወራው ስለ ሞተ ሰው ነው። የሞተ ሰው ዘፈን አይዘፍንላችሁም፤ እናት፣ ሚስት፣ ልጆች ግን አሉት።

ስለ አምላኪዎቹ

አሁን ወደ እናንተ ልዙር። ከመካከላችሁ የዝነኛው ሞት በተሰማ በአንድ ሰዓት ውስጥ የፌስቡክ ፎቶውን ያልቀየረ ስንት ነው? «ንጉሥ አይሞትም» ብሎ ያልጻፈ ስንት ነው? በሦስተኛው ቀን ግን ፎቶው ይነሣል፤ በሳምንቱ ሌላ ወሬ ይመጣል። ይህ ልቅሶ ነው? በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ልቅሶ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ እንጀራ ተሸክሞ፣ እንጨት ተሸክሞ ይሄዳል። አልቃሿ የሟቹን ስም፣ ዘርና ሙያ እየጠራች ታስለቅሳለች። ከቀብር በኋላ ጎረቤት ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። ልቅሶ ዋጋ አለው። በጣት ተጭኖ የሚያልቅ ልቅሶ ግን ምንም አያስከፍልም።

ኤልያስ መልካን ውሰዱ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸውን አልበሞች ያቀናበረ ሰው ነው፤ ስሙን ግን ድምፃዊ ስላልነበረ ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር «አውታር» የተባለ፣ ሙዚቃ በስልክ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥበት መተግበሪያ ይዞ ወጣ። የደከመው ባለሙያ ከድካሙ እንዲበላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በሕመም ሞተ። አገር አለቀሰ። ካለቀሱት ውስጥ ግን ዘፈኑን በሦስትና በአራት ብር በሚሞሪ ያላስጫነ ማን ነው? በቁሙ ሳለ ላቡን ወስደንበት ሲሞት ዕንባ ብንሰጠው፣ ዕዳው ተከፈለ አይባልም።

መዝሙርም ስለምናዳምጥ ከዚህ ነጻ ነን እንዳትሉ። መዝሙሩንም የምናስጭነው በዚያው ሱቅ ነው።

ዝናስ ባለቤቱን ምን ያደርገዋል? ዊትኒ ሂዩስተን በአሜሪካ ኒዋርክ ከተማ በአንዲት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደገች ልጅ ነበረች፤ ልክ እንደ እናንተ። ዓለም ሁሉ ድምፅዋን ሰማ። በየካቲት 2004 ዓ.ም. በሆቴል መታጠቢያ ክፍል ሞታ ተገኘች፤ ኮኬይን ለሞቷ አስተዋጽኦ እንደ ነበረው በምርመራ ታወቀ። ቀብሯ የወጣው ከዚያችው ልጅ ሳለች ከዘመረችባት ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህን የማነሣው ለማስፈራሪያ አይደለም፤ ያንን ከላይ ነቅፌዋለሁ። የማነሣው ስለ እኛ ነው። ሚሊዮኖች ድምፅዋን ሲወዱ ሰውነቷን ስንት ሰው አሰበ? ሰውን ጣዖት ስናደርገው እርዳታ የመጠየቅ መብቱን እንነጥቀዋለን፤ ጣዖት አይታመምምና። በልስጥራን ሕዝቡ ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ናቸው ብሎ ሊሠዋላቸው በሬ አመጣ። ያው ሕዝብ ወዲያው ጳውሎስን በድንጋይ ወገረው። የአምላኪ ፍቅር እንዲህ ነው።

ታዲያ እንዴት እናስታውስ?

እንደ ዳዊት፤ የነበረውን በመናገር። ጥላሁን ገሠሠን እንይ። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ተወለደ። በልጅነቱ ከወሊሶ ተነሥቶ ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፤ ቀጥሎ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፅ ሆነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሰበብ ታስሯል። በወሎ ረሀብ ዘመን «ዋይ ዋይ ሲሉ» ብሎ ስለ ተራቡት ዘፍኗል፤ እኛ ጋይንቶች ረሀብን በስም ሳይሆን በፊት የምናውቅ ሰዎች ነንና ይህን ልንንቀው አንችልም። በኋላ ስኳር በሽታ እግሩን አስቆረጠው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖም መድረክ ላይ ወጣ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሞተ። እንዲህ ብሎ መናገር አንድን ሰው ሰው አድርጎ ማስታወስ ነው። ከእርሱ የምንማረው ትጋት አለ። የማንቀበለው ቢኖርም አለመቀበላችን ትጋቱን አያጠፋውም። ፍርዱን ደግሞ ለሚያውቀው እንተዋለን።

ወጋየሁ ንጋቱም አለ። አባቶቻችን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያወቁት ብዙዎቹ አንብበው አይደለም፤ በሬዲዮ በወጋየሁ ትረካ ነው። አባቴ ያንን ድምፅ ሲያነሣ ዛሬም ፊቱ ይለወጣል። አንድ ሰው መጽሐፍ ማንበብ ለማይችል ገበሬ መጽሐፍ ሆነለት ማለት ነው። በጉባኤ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነብቡ ወጣቶች፤ እየተደናቀፋችሁ፣ ነጥቡን እየዘለላችሁ ስታነብቡ ይህን ሰው አስቡት። እርሱ ለልቦለድ የተጋውን ያህል እኛ ለቃሉ አልተጋንም።

አሁን የመጨረሻውንና የሚያመውን ልናገር። ለሩቁ ዝነኛ የምናለቅስ ወይም የምንፈርድ እኛ፣ የራሳችንን ሰዎች ረስተናል። ተዝካር አናወጣም፤ ለዚህም የእምነት ምክንያት አለን። ነገር ግን ተዝካሩን ስንተው ማስታወስንም አብረን ጣልነው። የመዝሙር ደብተሮቻችሁን አውጡ። የስንቱ መዝሙር ደራሲ ስም ተጽፏል? ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ሰባት ዓመት ታስሯል። ከእናንተ መዝሙሩን የሚዘምረው ብዙ ነው፤ መታሰሩን የሚያውቀው ስንት ነው? ድጓ ሊያስመሰክር የሚሻ ተማሪ ከሩቅ አገር ወደዚሁ ወደ እኛው ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ይመጣል። ያ ተማሪ ዜማውን ከማን እንደ ተማረ፣ መምህሩም ከማን እንደ ተማሩ ይነግራችኋል። እኛ በእምነት ከእርሱ ብንለይም በዚህ ነገር ተማሪነቱን ብንማር አያሳፍረንም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገባ። በዚያና ከዚያም ወዲህ የሞቱትን የጎረቤቶቻችንን ስም ማን ጻፈ? በስልካችሁ የዝነኛ ፎቶ አለ። የእነርሱስ?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በየወጣት ኅብረታችሁ አንድ ደብተር ግዙ። በመጀመሪያው ገጽ በአጥቢያችሁ ወንጌልን መጀመሪያ የተቀበሉትን ሰዎች ስም ጻፉ፤ በሕይወት ያሉትን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ድካማቸውንም ጭምር አስጽፉ። ቀጥሎ የምትዘምሯቸውን መዝሙሮች የደረሱትን ፈልጋችሁ ጻፉ። ቀጥሎ የሞቱባችሁን ጻፉ። ዝነኛ ሰው ሲሞት ደግሞ ከመፍረዳችሁም፣ ፎቶ ከመለጠፋችሁም በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው «አንተ ለምን አዘንክ?» ብላችሁ ጠይቁት።

እኔ ባለፈው ወር የዚያን ልጅ ቤት አንኳኳሁ። እናቱ ቡና አፈሉልኝ። ልጁ አጠገቤ ተቀምጦ ብዙ አላወራም። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ይሁን፣ ጋሼ» አለኝ፤ እመጣለሁ ግን አላለም። ከመውጣቴ በፊት የወንድሙን ስም ጠየቅሁትና ነገረኝ። በእኛ ደብተር መጀመሪያ የተጻፈው ስም የእርሱ ነው።