የግድግዳው ሰሌዳና የቤቱ እመቤት



የጦር ሰው ወደ ግዳጅ ሲሄድ ቤቱን ለማን ትቶ ይሄዳል? መልሱ የታወቀ ነው፤ ለባለቤቱ ነው። የደጁን ቁልፍ፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የወሩን ወጪ፣ የአረጋዊት እናቱን ጤና ሁሉ ለእርሷ አስረክቦ ይወጣል። ስለዚህ በቤት ውስጥ አዲስ መሣሪያ በገባ ቁጥር አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «እኔ በሌለሁበት ጊዜ ይህ ነገር ለቤተሰቤ ይታዘዛል ወይስ እኔን ብቻ ያውቃል?» የሚለው ነው። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ይህንኑ ጥያቄ ይዘን በየቤቱ ግድግዳ ላይ መሰቀል ስለ ጀመረው የንክኪ ሰሌዳ እንነጋገራለን።

የንክኪ ሰሌዳ የምንለው በጣት ሲነኩት የሚታዘዝ ስክሪን ነው። መብራት ያበራል፣ ያጠፋል፤ የውሃ ፓምፕ ያስነሳል፤ በሮቶው ውስጥ ስንት ውሃ እንደ ቀረ ያሳያል፤ ከፀሐይ ኃይል የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ መጠን ይናገራል፤ በደጅ ማን እንደ ቆመ ያመለክታል። በአጭሩ የቤቱን ማብሪያ ማጥፊያዎች በአንድ ቦታ የሚሰበስብ መሣሪያ ነው።

ከራዳር ክፍል እስከ ሳሎን

የንክኪ ስክሪን አመጣጥ ለወታደር አንባቢያችን ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር፣ በማልቨርን ከተማ በሚገኘው የራዳር ምርምር ተቋም ሲሠራ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች በጣታቸው እየነኩ የሚያዙትን ስክሪን ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ በስኮትላንድ የሚገኙ መሐንዲሶች በቤቱ የመብራት ሽቦ ላይ ምልክት እየላኩ አምፖልን ከሩቅ የሚያዙበትን ኤክስ ቴን የተባለ ዘዴ ፈለሰፉ። እነዚህ ሁለት ግኝቶች በየፊናቸው ሲያድጉ ቆይተው ዛሬ በሳሎን ግድግዳ ላይ ተገናኝተዋል።

ሐርጌሳን ለምን መረጥን?

ለምሳሌ የመረጥናት ከተማ ከቶጎ ውጫሌ ማዶ የምትገኘው ሐርጌሳ ናት። ይህች የሶማሌላንድ ዋና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 በተደረገው ጦርነት አብዛኛው ክፍሏ ፈርሶ ነበር። ከ1991 ወዲህ ነዋሪዎቿና በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቿ በገዛ ገንዘባቸው መልሰው ገንብተዋታል። ሆኖም በሐርጌሳ ኤሌክትሪክ የሚያቀርቡት የግል ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ለረጅም ዘመን የተመካውም በናፍጣ ሞተር ላይ ስለ ነበር ዋጋው በአገራችን ከምንከፍለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመሆኑም የፀሐይ ኃይል በየጣሪያው ተስፋፍቷል። ውሃም እንደ ልብ አይገኝም። እንግዲህ መብራቱ ውድ፣ ውሃው ብርቅ በሆነበት ከተማ ፈተናውን ያለፈ መሣሪያ በሌላውም ቦታ ያገለግላል ማለት ነው።

ከተማይቱ ሌላም ትምህርት አላት። ዛድ የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2009 በቴሌሶም ኩባንያ ሲጀመር ዘመናዊ ስልክ አልጠየቀም፤ ተራ ስልክና ጥቂት የቁጥር ቁልፎች በቂ ነበሩ። ዛሬ በገበያ አትክልት የምትሸጥ እናት ሳትቀር ሒሳቧን የምትቀበለው በእርሱ ነው። አገልግሎቱ የተስፋፋው ረቂቅ ስለ ነበረ አይደለም፤ ሁሉም ሰው በያዘው ስልክና በሚችለው መንገድ ስለ መጣ ነው። የግድግዳውም ሰሌዳ ሊመዘን የሚገባው በዚሁ ሚዛን ነው።

ሁለት ቀን ያለ ውሃ

በሐርጌሳ የሚኖሩ የአንድ ወዳጃችን ቤተሰብ የደረሰባቸውን እንንገራችሁ። አባወራው ሥራው በርበራ ወደብ ነው፤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሳምንታት ይቆያል። ቤቱን ለማዘመን ብሎ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ታብሌት ሰቀለ፤ በግቢው መሬት ውስጥ ካለው ማጠራቀሚያ ውሃ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋውንም ፓምፕ በዚያው ሰሌዳ እንዲታዘዝ አደረገ። የቀድሞውን ማብሪያ ግን «ከእንግዲህ አያስፈልግም» ሲል ነቅሎ ጣለው።

አባወራው ወደ በርበራ በሄደ በሳምንቱ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ሰሌዳው የምስጢር ቁጥር ጠየቀ። ቁጥሩን የሚያውቀው አባወራው ብቻ ነበር፤ ስልኩም አልሠራ አለ። ማጠራቀሚያው ሙሉ፣ ሮቶው ባዶ ሆነ። እመቤቲቱ ሁለት ቀን ሙሉ በአህያ ጋሪ ከሚዞረው ሻጭ ውሃ ስትገዛ ሰነበተች። በሦስተኛው ቀን የስልኩ መስመር ሲገናኝ መጀመሪያ የተቀበሉት እናቱ ነበሩ፤ «ልጄ፣ ግድግዳ ላይ የሰቀልከው ነገር አንተን ሲያይ ይታዘዝ እንደሆን እንጃ፤ እኛን ግን በውሃ ጥም ሊፈጀን ነው» አሉት። እርሱም «እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መሣሪያው ያደረገው ያዘዝኩትን ነው» ብሎ ቁጥሩን ለባለቤቱ ነገራት።

በተመለሰ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ከፓምፑ አጠገብ ሦስት አቅጣጫ ያለው ማብሪያ አስተከለ፤ አንዱ «በእጅ»፣ ሁለተኛው «ዝግ»፣ ሦስተኛው «በራሱ» የሚል ነው። ማጠራቀሚያው ሲጎድል ፓምፑ በባዶው እንዳይሽከረከርና እንዳይቃጠልም መካኒካል ተንሳፋፊ ማቋረጫ አስገባ። ይህ ታሪክ ለወታደር ቤተሰብ እንግዳ ነውን? አይመስለንም።

ምርጫው

ሰሌዳ ከመግዛታችሁ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ሰሌዳው የሚሠራቸውን ሥራዎች በወረቀት ጻፉ። ከስድስት ከበለጡ ዝርዝሩ በዝቷል፤ ቀንሱ። በየቀኑ የማይነካ ቁልፍ ከፊተኛው ገጽ መውጣት ይኖርበታል።

መሣሪያው በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው ለግድግዳ ተብሎ የተሠራ ቋሚ ሰሌዳ ነው፤ ጠንካራና ዕድሜው ረጅም ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሽቦውም ቤቱ ሲሠራ ቢዘረጋ ይመረጣል። ሁለተኛው ተራ ታብሌት ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቢበላሽም በቀላሉ ይተካል። ቤታችሁ ተሠርቶ ያለቀ ከሆነ ሁለተኛው ይበቃችኋል። ያገለገለ የምትገዙ እንደሆነ ጀርባው አብጦ እንዳይሆን በጣታችሁ ዳስሱ፤ ያበጠ ባትሪ የእሳት አደጋ ነውና በፍጹም አትውሰዱት።

ከሰሌዳው ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ከጀርባው የሚሠራው አእምሮ ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ትእዛዙን ባሕር ማዶ ወዳለ የኩባንያ ኮምፒዩተር ልኮ መልስ ይጠብቃል፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ሳሎናችሁን ለማብራት እንኳ አይችልም። ሌላው በቤት ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ኮምፒዩተር ይታዘዛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረውና ያለ ክፍያ የሚገኘው ሆም አሲስታንት የተባለው ፕሮግራም ራስበሪ ፓይ በተባለች መዳፍ በምታህል ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም የቤቱ ሥራ አይቆምም። ምክራችን ይህኛውን እንድትመርጡ ነው።

አተካከሉ

ቦታው ሁሉም የሚያልፍበት፣ በሳሎንና በማድ ቤት መካከል ያለ ግድግዳ ይሁን። ከምድጃ እንፋሎትና ከቀጥተኛ ፀሐይ ይራቅ። የስክሪኑ መካከል ከወለሉ ከ1.20 እስከ 1.40 ሜትር ከፍ ቢል ለአዋቂም ለልጅም ይደርሳል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉ ውሃ ልክ አስቀምጡ፤ ቀዳዳውን በድሪል ብሱና ፊሸር አስገብታችሁ በካቻቢቴ እሰሩ። ከመብሳታችሁ በፊት ግን በዚያ ግድግዳ ውስጥ የመብራት ሽቦ እንዳያልፍ አረጋግጡ፤ 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም።

የመብራት ማብሪያዎቹን የሚቀይር ሰው የሙያው ባለቤት መሆን ይገባዋል። በብዙ ቤቶች የማብሪያ ሣጥን ውስጥ ፌዙ ብቻ እንጂ ኒውትራሉ አይገኝም፤ ብዙዎቹ ዘመናዊ ማብሪያዎች ግን ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ይህን ሳያጣሩ ዕቃ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ሰሌዳው ወደሚሰቀልበት ቦታ አንድ ቱቦ ቅበሩ። መረጃም ኃይልም በአንድ የኔትወርክ ገመድ ለሚቀበል ሰሌዳ ያ መስመር እስከ 100 ሜትር ድረስ ያገለግላል። የመረጃውን ገመድና የ220 ቮልቱን ሽቦ ግን በአንድ ቱቦ አታሳልፉ።

በዋይፋይ የሚሠራ ከሆነ ብረት ያለበት ኮንክሪትና ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክማል። የራውተሩ 2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ከ5 ጊጋኸርትዙ ይልቅ ግድግዳ ማለፍ ይችላል።

መብራትና ሙቀት

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ታብሌት ስክሪኑ በርቶ ሳለ 6 ዋት ይወስዳል እንበል። ሌት ተቀን ከበራ በወር ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል። በቀን ለ3 ሰዓት ብቻ ከበራ ግን የስክሪኑ ፍጆታ ወደ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ስለሆነም ሰው ሲቀርብ በርቶ ሲርቅ እንዲጠፋ አድርጉት። ራውተሯና ትንሿ ኮምፒዩተር በባትሪ የሚደገፉ ካልሆኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰሌዳው ቢበራም የሚያነጋግረው ያጣል።

ባትሪውን ሁልጊዜ 100 በመቶ ሞልቶ ማቆየት ያሳብጠዋል። ቅንብሩ የሚፈቅድ ከሆነ ከ40 እስከ 80 በመቶ መካከል ይኑር። ሐርጌሳ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ለዘብ ይላል፤ በበጋ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በሚያልፈው በበርበራ ግን ባትሪው ቶሎ ያረጃል። በቆላ የምትኖሩ ይህን አትርሱ።

የስክሪኑ ቋንቋ

ቁልፎቹ የጣት ስፋት ይኑራቸው፤ ጽሑፋቸው የቤቱ ሰው በሚናገረው ቋንቋ ይሁን። «ዞን ሁለት» ብሎ መጻፍ ለማን ይጠቅማል? «የእማማ ክፍል መብራት»፣ «የሮቶ ውሃ» ይባል። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የአምፖልና የቧንቧ ሥዕል ይጨመር። ሥራው ሲያልቅ ሰሌዳውን መጀመሪያ እንዲሞክሩት የሚጋበዙት አያቲቱና ትንሹ ልጅ ይሁኑ። እነርሱ ከተቸገሩ ጉድለቱ የአተካከሉ ነውና አስተካክሉት።

ግድግዳም ጆሮ አለው

ይህ አባባል በእኛ ዘመን እውነት ሆኗል፤ ታብሌቱ ካሜራም ማይክሮፎንም አለውና። ካሜራውን ሸፍኑ፤ የማይክሮፎኑን ፈቃድ ዝጉ። የጦሩ ባልደረባ ደግሞ የሚሄድበትንና የሚመለስበትን ቀን በሰሌዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ ፈጽሞ አያስፍር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ስትራቫ የተባለው የሯጮች ፕሮግራም ያሳተመው ካርታ ወታደሮች ለስፖርት ሲሮጡ የተመዘገበውን መንገድ እያሳየ የጦር ሠፈሮችን ለዓለም ገልጦ ነበር። ማንም ምስጢር ለማውጣት አላሰበም፤ ያልተዘጋ ቅንብር ብቻ በቂ ሆነ።

ከመሄድህ በፊት

እንግዲህ ውድ ባልደረባችን፣ ሻንጣህን ከመቋጠርህ በፊት ሦስት ነገር አድርግ። የምስጢር ቁጥሩን በወረቀት ጽፈህ በፖስታ አሽገህ ከጋብቻ ወረቀታችሁ ጋር አስቀምጥ። የፓምፑ፣ የደጁና የመብራቱ የእጅ ማብሪያ ሁሉ በቦታው መኖሩን አረጋግጥ። በመጨረሻም ዋናውን ብሬከር አጥፍተህ መልሰህ አብራና ባለቤትህ አንተ ሳትናገር ቤቱን ታስነሳ፤ አንተ እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ። እርሷ ከተሳካላት ሰሌዳው በሚገባ ተተክሏል። ካልተሳካላት ገና አልተተከለም፤ ጊዜ ሳለህ አርም።

የሐርጌሳው ወዳጃችን ቤት ዛሬም ሰሌዳው በግድግዳው ላይ አለ። በርበራ ሲሄድ ባለቤቱ የሮቶውን ውሃ በስክሪኑ ታያለች፤ መብራት ሲጠፋም ወደ ፓምፑ ሄዳ ማብሪያውን «በእጅ» ወደሚለው አዙራ መብራቱ እስኪመለስ ትጠብቃለች። እናቱም ስለ ሰሌዳው ሲጠየቁ «አሁንስ ሰው ሆኗል» ይላሉ።

ቸር ይግጠመን።