የድንች ማሳው ከዶማ ሌላ መሣሪያም ይፈልጋል

በአዊና በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ድንች ከመሬት የሚወጣው በአብዛኛው በዶማ ነው። ዶማ ጠንካራ መሬት ለመስበር ወደር የለውም። ድንች ሲወጣበት ግን ስለቱ ከአፈር በታች ያለውን አይቶ አይመርጥም፤ ተቆርጦና ተወግቶ የሚወጣው ጥቂት አይደለም። የቆሰለ ድንች በገበያ ዋጋው ይወርዳል። ለዘር ቢቀመጥ ደግሞ ከቁስሉ መበስበስ ይጀምርና አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። አርሶ አደሩ ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ አውጥቶ፣ ወራት ደክሞ ያፈራውን ምርት በመጨረሻዋ ቀን በገዛ መሣሪያው ማጉደሉ ሊታሰብበት ይገባል።

ለዚህ ሥራ የሚስማማው በእግር እየተረገጠ የሚገባ፣ ሹካ የሚመስል ባለ አራት ጥርስ መቆፈሪያ ነው። አፈሩን ከሥር አንሥቶ ይፈረካክሰዋል፤ አፈሩ በጥርሶቹ መካከል ሲወርድ ድንቹ ከላይ ይቀራል። ካሮትና ነጭ ሽንኩርትም በዚሁ መንገድ ሳይቆረጡ ይወጣሉ። ኮምፖስት ለማገላበጥም ከአካፋ ይልቅ ይቀላል። ከሁሉ በላይ ጓሮ ያላቸው ሁሉ የሚያማርሩት ሰርዶ አለ። ሰርዶ በዶማ በተቆራረጠ ቁጥር እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ያቆጠቁጣል፤ በጥርስ ተፈልቅቆ ሲነሣ ግን ሥሩ ረጅሙን ይዞ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ሹካ የሚመስል ሁሉ መቆፈሪያ አይደለም። በርካሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከላሜራ የተቆረጠ ወይም ቀጫጭን ፌሮ በብየዳ ተያይዞ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው ለጭድና ለፍግ ማንሻ ያገለግል ይሆናል፤ መሬት ውስጥ ሲገባ ግን ጥርሱ ይጣመማል፣ ብየዳውም ይላቀቃል። ገዢው መጀመሪያ ማየት ያለበት ጥርሶቹና እጀታው የሚገባበት ቱቦ ከአንድ ብረት ተቀጥቅጠው መውጣታቸውን ነው። ጥርሱን ድንጋይ ላይ ተደግፎ ጫን ማለትም አይከፋም፤ ጥሩ ብረት ጥቂት ጎብጦ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ደካማው እንደጎበጠ ይቀራል። በዚህ ረገድ በየአካባቢው ያሉ አንጥረኞች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት መሣሪያ ከሱቁ ዕቃ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ጥርሱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ይበቃል። በባዶ እግር ወይም በላስቲክ ጫማ ለሚሠራ ሰው የመርገጫው ስፋትም ቀላል ነገር አይደለም፤ ጠባብ መርገጫ ውስጥ እግርን ይቆርጣል።

ለእጀታ ወይራ ይመረጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ገብቶበት ከሆነ ሲደርቅ ይላላል፤ ሽብልቅ መምታት ግድ ይሆናል። የጓሮው ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ሆኖ ሳለ መሣሪያው ለረጅም ወንድ ብቻ ተለክቶ መሠራቱም ሊታረም ይገባል።

አጠቃቀሙ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም። ድንቹ ከመውጣቱ ከ10 እስከ 15 ቀን ቀደም ብሎ ቅጠሉ ቢታጨድ ልጣጩ ይጠነክራል። ከዚያ መቆፈሪያውን ከግንዱ ራቅ አድርጎ መትከል፣ በእግር ረግጦ ማስገባትና እጀታውን ቀስ ብሎ ወደ ራስ መሳብ ነው። ዋልካ መሬት ላይ ጭቃ ሳለም ሆነ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ መታገል ድካም ብቻ ነው፤ አፈሩ በእጅ ተጨብጦ ሲለቀቅ የሚፈረፈርበትን ቀን መጠበቅ ይሻላል። ድንጋይ ለመፈንቀል ደግሞ ዲጅኖ አለ። ብዙ መቆፈሪያ የሚሰበረው በድንጋይ ላይ እንጂ በአፈር አይደለም።

የጓሮ አትክልት ልማት በተነሣ ቁጥር ዘርና ችግኝ ይታደላል፤ ስለ እጅ መሣሪያው የሚነሣው ግን ጥቂት ነው። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ሁለትና ሦስት ጠንካራ መቆፈሪያ ቢኖራቸው አርሶ አደሩ ከመግዛቱ በፊት በማሳ ላይ ሊሞክረው ይችላል። ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በጅምላ ሲገዙ ዋጋውን ብቻ አይተው መፈረም የለባቸውም፤ አንዱን መሬት ላይ ፈትነው ይውሰዱ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከአንጥረኞቹ ጋር ተቀምጠው ለአካባቢው አፈርና ለሴቶች ቁመት የሚስማማ ናሙና ሠርተው ቢያወጡ፣ ከመጪው የመስኖ ድንች በፊት ገበያ ላይ ሊደርስ የሚችል ሥራ ነው።