ሾላ ላይ ከዕቃው ጋር የሚሰጥ ምክር

አዲስ ቤት የገባ ሰው ሁለት ነገር ይበዛበታል፤ ወጪና ምክር። ወጪው ይታወቃል። ምክሩ ግን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ግራ ያጋባል። ጓደኛ አንድ ነገር ይላል፣ አማት ሌላ ይላሉ፤ ስልክ ላይ የምናየው ቪዲዮ ደግሞ ግቢው ከእኛ ሳሎን በሚሰፋ ሰው ቤት የተቀረፀ ነው። በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ አንድ የተረሳ የምክር ምንጭ ላወጋችሁ ፈልጌአለሁ፤ ዕቃውን ስለሚሸጥልን ሰው።

እኔና ባለቤቴ ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንገባ እሷ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ዕቃ የማሟላቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝሬን ይዤ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ሾላን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከመገናኛ ብዙም አይርቅም። ቅመሙ፣ ቅቤው፣ እህሉ፣ ሸክላው፣ ሰፌዱ፣ ድስቱ ሁሉም እዚያው ይገኛል። ለቦሌና ለምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ መርካቶ ድረስ መሄድን ያስቀራል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትሸጠው ሴት ዋጋ ከመናገሯ በፊት ጥያቄ አስቀደመች።

«ወንድሜ፣ ቤትህ ለምጣድ የብቻ መስመር አለው?»

«ሶኬት አለው» አልኳት።

«ሶኬትማ የት ቤት ይጠፋል!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩና ወደ ዋጋ ክርክሩ ገባሁ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሻጭ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ሌላ ዕቃ ሊጨምርብኝ ነው ብዬ የመጠርጠር የሙያ በሽታ አለብኝ። ምጣዱን በሚያኮራ ቅናሽ ገዝቼ ተመለስኩ።

ባለቤቴ በሰላም ተገላገለች። አማቴ ሊያርሱ መጡ፣ ቤታችን በሰው ሞላ፣ እንጀራም በብዛት ያስፈልግ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት አማቴ ሲጋግሩ ምጣዱ የተሰካው ፍሪጁ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ነበር። «የሆነ ነገር ሸተተኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሮጬ ስገባ የዲቫይደሩ አንድ ጎን ቀልጦ ግድግዳው ጠቁሯል። ቆጣሪው ጋ ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩት። የሁለት ሳምንት ልጃችን ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ባለው ክፍል ተኝታ ነበር። ማንም አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በማግሥቱ የመጣው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቀልጦ የተጣበቀውን ዲቫይደር አገላብጦ አየና፣ «ለምጣዱ የብቻ መስመር የለውም እንዴ?» አለኝ። የሾላዋ ሴት በነፃ የጠየቀችኝን ጥያቄ አሁን ከፍዬ ሰማሁት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። የቤታችን ኃይል 220 ቮልት ስለሆነ 3,500ን ለ220 ስናካፍል 16 አምፒር ገደማ ይመጣል። ይህ አንድ መደበኛ ሶኬት ሊሸከም የሚችለው ጣሪያ ነው። እዚያው መስመር ላይ ፍሪጅ ወይም 2,000 ዋት የሚስብ የውኃ ማፍያ ከተጨመረ ሽቦው ይግላል። ዲቫይደር ደግሞ ውስጡ ቀጭን ስለሆነ ከሁሉም ቀድሞ የሚቀልጠው እሱ ነው። መፍትሔው ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚነሳ፣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ነው። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን አስፈቅዱ። የእኛ አከራይ ፎቶውን ሲያዩ ግማሹን ወጪ ራሳቸው ቻሉ። መስመሩ እስኪዘረጋ ድረስ ምጣዱን ለብቻው በግድግዳ ሶኬት ሰክቶ ሌላውን ሁሉ መንቀል የግድ ነው። ሶኬቱ ከጋለ ግን ያም ይቁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሾላ ተመለስኩ። አሁን የሄድኩት ልጠይቅ ነው።

የምጣዷ ሴት መጀመሪያ ያስተማረችኝ ስለ ማሟሸት ነው። አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ ከፈሰሰበት እንጀራው ይጣበቃል፣ እኛም ሊጡን እንወቅሳለን። ምጣዱን አግሎ የተፈጨ ጎመን ዘር በላዩ መበተን፣ በንጹሕ ጨርቅ ደጋግሞ ማሸት፣ ዘይቱ ወደ ሸክላው ገብቶ ገጹ እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ ድረስ መቀጠል ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እንጀራዎች ቢበላሹ አትደንግጡ። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስና በሳሙና ማጠብ ግን ክልክል ነው፤ አንዱ ይሰነጥቀዋል፣ ሌላው የለፋችሁበትን ያጥበዋል።

ቀጥሎ ጀበና። ሸክላ የሚሸጡ እናት «ልጄ፣ በዓይንህ አትግዛ፣ በጆሮህ ግዛ» አሉኝ። ጀበናውን በጣት አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ ውኃ ሞልታችሁ ትንሽ ቆዩና ግርጌውን ዳብሱ። ቤት ስትገቡ የቡና አተላ በውኃ ደጋግማችሁ አፍሉበት። የአፈሩ ጣዕም የሚለቀው እንዲህ ነው።

ስለ ጓሮ ደግሞ ያልጠበቅሁትን ምክር አገኘሁ። ጓሮ የለንም፤ ያለን ሁለት እርምጃ የማትሞላ በረንዳ ናት። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም በእስር የምትሸጥ ልጅ፣ «ሁሉንም ድስት ውስጥ አትክተተው፣ ጥቂቱን ትከለው» አለችኝ። አደረግሁት። ከእስሩ ውስጥ ያልጠወለጉትን አራት አምስት ዘንጎች መረጥሁ፣ በጣት ርዝመት ቆርጬ የታችኛውን ቅጠል ላጥሁና አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ሰካኋቸው። ጥላ ውስጥ አስቀምጬ አፈሩ እንዳይደርቅ ብቻ ጠበቅኋቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሦስቱ ሥር ይዘዋል።

በረንዳ ላይ ለመትከል ውድ ማሰሮ አያስፈልግም። የተቆረጠ ጄሪካን ወይም የተሰነጠቀ ባልዲ ይበቃል። ከታች ቀዳዳ ካልተበሳለት ግን ተክሉ ከጥማት ይልቅ በውኃ ብዛት ይሞታል። አፈሩ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቢሆን ጥሩ ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ስለሚያቃጥል ተጠንቀቁ። ቆስጣ የውጪ ቅጠሉን ብቻ እየቀጠፋችሁ ለወራት ትበሉታላችሁ። በሶብላ ብርድ አይወድም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ወደ ውስጥ አስገቡት። ሩዝና አትክልት ያጠባችሁበትን ውኃ አትድፉ፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለበረንዳችሁ ትልቅ ሀብት ነው።

የቤት ዕቃ ለማሠራት ያሰባችሁም ከእኔ ጥፋት ተማሩ። ቁም ሣጥን ከማዘዛችሁ በፊት ክፍሉን ብቻ ሳይሆን የበሩን ስፋትና የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ዕቃው የሚወሰነው ደረጃው ላይ ነው። ለአናጺው «የሚፈታና የሚገጠም አድርግልኝ» ማለት ምንም አይከብድም። ሲሸከሙት ከሚሰበር ዕቃም ሆነ ከተጋጋጠ የጎረቤት ግድግዳ ያድናችኋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ገበያ ስሄድ ሦስት ጥያቄ ይዤ ነው የምሄደው። ይህን ዕቃ ምን ያበላሸዋል? መጀመሪያ ቀን ምን ላድርግለት? ቤቴስ ምን እንዲኖረው ይፈልጋል? ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ግፊያ ውስጥ ሆናችሁ አትጠይቁ። በአዘቦት ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ትንሽም ቢሆን ግዙ፣ ሰላምታ አስቀድሙ። ሻጯ ደንበኛዋ መሆናችሁን ስታውቅ የማይረባውን ዕቃ ራሷ «ይሄ ይቅርብህ» ትላችኋለች። ኤሌክትሪክን በተመለከተ ግን የገበያ ምክር ጥያቄውን ያነሳል እንጂ ሥራውን አይሠራም። ሽቦውን የሚነካው ባለሙያ ብቻ ይሁን።

ባለፈው ቅዳሜ ልጃችንን አቅፌ በምጣዷ ሴት በር አለፍኩ። የገዛሁት አክንባሎ ብቻ ነበር። ሕፃኗን አይታ «ታደግልህ» ብላ መረቀችኝና ገንዘቡን ከመቀበሏ በፊት ጠየቀችኝ።

«መስመሩስ?»

«ገብቷል» አልኳት።