ሳይሰናበቱ መሄድ ይብቃን

እነሆ የማስተማር ልምምዳችንን በእጃጂ ፈጽመን ተመልሰናል። ስለ ትምህርት ዕቅድና ስለ ጥቁር ሰሌዳ አጠቃቀም ብዙ ተጠይቀናል። ካስጠጉን ቤተሰቦች እንዴት እንደተለያየን ግን የጠየቀን የለም፤ እኛም ደፍረን አላወራንም። ዛሬ እናውራው።

እጃጂ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጌዶ አለፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ስንደርስ «ሰው አገር መጣን» ብለን ነበር። በአማርኛ ትምህርት ክፍል ካለነው ብዙዎቻችን ኦሮምኛ አንችልም፤ የአስጠጉን እናት አማርኛም ጥቂት ነው። ይሁንና ቡና ተፈልቶ እኛ ሳንጠራ የተጠጣበት ቀን የለም። ዝናብ ሲመታን ልብሳችን እሳት ዳር ይሰጣል። የቤቱ ትንሽ ልጅ ደግሞ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እንዳይሳቅብን ማታ ማታ ቃላት እየደጋገመች ታስጠናን ነበር። አስተማሪዎቹን ያስተማረች እሷ ናት!

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። እኛ ወር ሙሉ ስንቀመጥ እንደ መዳብ ያየን አልነበረም።

ታዲያ ምን አደረግን? በመጨረሻው ቀን ከመካከላችን ሦስቱ ጎህ ሳይቀድ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው በመጀመሪያው መኪና ሄዱ። ኋላ ስንጠይቃቸው አንዱ «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልሰናበት?» አለ። አንዷ «ማልቀስ ፈርቼ ነው» አለች። ሌላው «ኪራይ ከፍለናል፤ ሂሳብ ተዘግቷል» አለ። በዚያው ጠዋት ግን ያስጠጓቸው እናት እኛ ዘንድ መጥተው «ልጆቹን ምን አስቀየምናቸው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አጣን።

እንግዲህ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። ባዶ እጅ አያሳፍርም፤ ስጦታ የጠበቀብን ሰው አልነበረም። እንባም ነውር አይደለም። የከፈልነው ኪራይ ደግሞ የክፍሉ ዋጋ ነው እንጂ የቡናውና የልጅቷ ትምህርት ዋጋ እኮ አይደለም። ያ ዕዳ በገንዘብ አይዘጋም፤ ቢያንስ ፊት ለፊት ቆሞ ማመስገንን ይጠይቃል።

ከእኛ በፊትም ብዙዎች በሰው ቤትና በሰው መንደር ከርመዋል። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ዘምተዋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ዘማቾች ገጠር ወርደው አስተምረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን ባሕር ተሻግረው አገራችን መጥተው ነበር፤ ከነሱ መካከል ከብዙ ዓመታት በኋላ ያስተማሩበትን ከተማ ሊጠይቁ የተመለሱ አሉ። ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመለስ ካለ፣ እኛ ስልክ በኪሳችን ይዘን ለእጃጂ አንድ ጥሪ መደወል እንዴት ያቅተናል?

ስለሆነም ይህን እናሳስባለን። ለልምምድ የሚወጣ ሁሉ ከመሄዱ በፊት ባለው ማታ ከቤቱ ሰዎች ጋር ይቀመጥ፤ ቡናቸውን ይጠጣ፤ ምርቃታቸውን ይቀበል። ስንብቱንም በነሱው ቋንቋ ይማር። «ገለቶማ»ና «ነጋቲ» ለመማር ከአንድ ቀን በላይ አይፈጁም። በዓል ሲመጣ ይደውል። ሦስቱ ጓደኞቻችን ግን በዓል እስኪመጣ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ይደውሉና «ያስቀየማችሁን ነገር የለም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» ይበሉ።

እኛ ስንወጣ አስጠጊያችን እናት እስከ መንገድ ሸኝተውን «ነጋን ገላ» አሉን፤ በሰላም ግቡ ማለታቸው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ሰልጣኞች ያንኑ በር ያንኳኳሉ። በሩ እንዴት እንደሚከፈትላቸው የሚወስነው የእኛ አወጣጥ ነው።