ቴሌቪዥኑ ይውጣ ያልነው ከማን ቤት ነው?

ከክረምቱ ዕረፍት በፊት በአዳራሻችን በተደረገው ክርክር «የተማረ ሰው ቤት ቴሌቪዥን ሊኖር አይገባም» የሚለው ሐሳብ በብዙ ድምፅ ማሸነፉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያም አልፈን፣ ወደየቤታችን ስንሄድ ይህንኑ ለወላጆቻችን እንድናስረዳ ተስማምተን ተለያየን። እጃቸውን ካወጡት መካከል እኔም አንዱ ነበርኩ፤ ያውም ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጬ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያን እጄን ለማውረድ ነው።

በዚያ ምሽት የተባለውን ባጭሩ ላስታውስ። አንደኛው ተናጋሪ ቴሌቪዥን ጊዜ ይሰርቃል አለ። ሁለተኛው፣ በአማርኛ ድምፅ እየተሰጣቸው የሚቀርቡት የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎች የወጣቱን ጠባይ እያበላሹ ነው አለ። ሦስተኛዋ፣ ቴሌቪዥን የያዘው ወገን የሚፈልገውን እንጂ ሕዝብ ማወቅ የሚገባውን አይናገርም አለች። በመጨረሻም አንድ መምህራችን ተነሥተው «የቡና ጨዋታ የሞተው ቴሌቪዥን ሳሎን የገባ ዕለት ነው» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ይህን ሁሉ ስንናገር፣ ቴሌቪዥኑ ይውጣ በተባለው ቤት ቀኑን ሙሉ የሚውለው ማን እንደ ሆነ አንዳችንም አልጠየቅንም።

እኔም ውሳኔያችንን ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። በቤታችን ሦስት ሰዎች ይኖራሉ፤ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት የምታስረክብ እናቴ፣ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ከደጅ የማትወጣ አያቴ፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ታናሽ ወንድሜ። በሦስተኛው ቀን ቡና ተፈልቶ ሳለ ንግግሬን ጀመርኩ። ቴሌቪዥኑ ይሸጥና ለልጁ መጻሕፍት ይገዛበት አልኩ። ስለ ጊዜ፣ ስለ ባህልና ስለ ፕሮፓጋንዳ በአዳራሹ የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር አወረድኩት። እናቴ ሲኒ እያለቃለቀች እስክጨርስ ድረስ ሰማችኝና፦

«ልጄ፣ አንተ በኪስህ ይዘኸው ትዞራለህ። የእኔ ግድግዳ ላይ ቢሆን ምን አጠፋሁ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። በዚያች ሰዓት እንኳ ስልኬ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ወንድሞቼና እኅቶቼ! ይህ ጥያቄ ለእኔ ብቻ የቀረበ አይደለም። እኛ ዜና የምናነብበት፣ ፊልም የምናይበት፣ ከወዳጅ ጋር የምንጫወትበት ስልክ በእጃችን አለ። ቤተ መጻሕፍት አለን፤ አዳራሽ አለን፤ አምሽተን የምንከራከርበት የመኝታ ክፍል አለን። እንግዲህ ስድስትና ሰባት መስኮት ያለው ሰው፣ አንዲት መስኮት ብቻ ያላትን ሴት «አቧራ ያስገባብሻልና ድፈኚው» ቢላት ይህ ምክር ይባላልን? እኔ ግን ንጥቂያ እለዋለሁ።

ክሶቹንም አንድ በአንድ እንያቸው።

ቴሌቪዥን ጊዜ ይሰርቃል ተብሏል። የማንን ጊዜ? እናቴ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነሥታ ምጣድ ትጥዳለች፤ እስከ ቀትር ከጢስ ጋር ስትታገል ትውላለች። ማታ የሁለት ሰዓቱን ዜና፣ ከዚያም አንድ ድራማ ታይና ትተኛለች። በቀኗ ውስጥ ቁጭ የምትልበት ጊዜ ይኸው ነው። እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ስልክ ስንነካካ እኩለ ሌሊት የሚያልፍብን ሰዎች፣ የእርሷን አንድ ሰዓት ተኩል ለመቁጠር በምን ሥልጣን ተሰየምን?

ስለ ውጭ አገር ድራማዎች የተነገረውም ያለ ምክንያት የተነገረ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ብዙ የጥበብ ሰዎቻችን ተቃውመው ነበር። ተቃውሟቸው ስለ እንጀራቸውና ስለ አገር ውስጥ ሥራ ነበርና ሊሰማ የሚገባው ክርክር ነው። የእኛ ክርክር ግን «ጠባይ ይበላሻል» የሚል ነው። እስቲ እናቶቻችን እንዴት እንደሚያዩት ቀርባችሁ ተመልከቱ። እናቴ ማታ ያየችውን ጠዋት ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና ላይ ታነሣዋለች። አንዷ አማቲቱን ትፈርድባታለች፤ ሌላዋ ለአማቲቱ ትከራከራለች፤ ሦስተኛዋ «የእኔዋስ መቼ ከዚህች ተሻለች!» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣው የባዕድ አገር ጉዳይ ሳይሆን የገዛ ሰፈራቸው ጉዳይ ይሆናል። መምህራችን ሞተ ያሉት የቡና ጨዋታ በእኛ ቤት አልሞተም፤ የሚነጋገርበት አዲስ ነገር አገኘ እንጂ።

ወደ ከባዱ ክስ ልለፍ። ቴሌቪዥን የያዘው የሚለውን እንጂ እውነቱን አይናገርም ተብሏል። ታሪካችን ይህን ክስ ይደግፈዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዕለት፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው። ቀኑ ራሱ ለማን እንደ ቆመ ይናገራል። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ያሳየበት ፊልም በአገሩ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲታይ፣ ያለቀው ሕዝብ የእኛ ሆኖ ሳለ የእኛ ቴሌቪዥን አላሳየውም። ከአሥራ አንድ ወር ያህል በኋላ ግን፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀጣጥሎ ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልሙ እውነት ነበር፤ የታየበት ሰዓት ግን የተራቡት ሰዎች ሰዓት ሳይሆን ሥልጣን የሚይዙት ሰዎች ሰዓት ነበር። አሥር ዓመት አለፈና በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ቴሌቪዥናችን ቀለም አገኘ። በተከተለው ወር የኮረምን ረሃብተኛ ለዓለም ያሳየው ግን ቢቢሲ ነበር።

እንግዲህ ክሱ እውነት ነው። ዳሩ ግን ከዚህ የሚወጣው ፍርድ «እናትህ ቴሌቪዥን አይኑራት» የሚል ነውን? አያቴ በዚያ ክፉ ቀን ከወሎ ወጥታ በአዲስ አበባው መንገድ ስትወርድ ደብረ ብርሃን ላይ የቀረች ናት። እርሷ የተራበችውን ረሃብ በ1967 ዓ.ም. መስከረም ቴሌቪዥን የነበረው ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ አየው፤ እርሷ ግን አላየችውም። በዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ያልነበራት በመሆኑ አንድም ነገር አልተጠቀመችም። ስለ እርሷ ምን እንደሚባል አለማወቋ ብቻ ነው ትርፏ።

ዛሬስ? ዛሬ አያቴ ከዚያ ሣጥን ፊት ተቀምጣ የምታደርገውን እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን የምናደርገው ጥቂቶች ነን። ዜና አንባቢው ምርቱ ተትረፈረፈ ሲል፣ «ታዲያ ጤፉ ምነው አልወረደ?» ብላ ትመልስለታለች። ባለሥልጣኑ ቆርጦ የመረቀው መንገድ ሲታይ፣ «ይኸን ባለፈውም መርቀኸው ነበር» ትለዋለች። ማንበብ አትችልም፤ ሲዋሻት ግን ታውቃለች፤ አውቃም ዝም አትልም፤ ልጁንም ምራቷንም እያሰማች ትናገረዋለች። እኛ ጆሯችንን በማዳመጫ ደፍነን በየግላችን የምናየውን በየግላችን እንውጣለን። ከሁለቱ የትኛው ነው ለፕሮፓጋንዳ የተመቸ? ብቻውን የሚያይ ሰው ነው ወይስ በሰው መካከል ሆኖ እየመለሰ የሚያይ?

አሁን ደግሞ ወደ መምህራኖቻችን አንድ ቃል ልወርውር፤ በአክብሮት ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለውን «ፕላዝማ» ከእኛ ይበልጥ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤትም፣ ሳይበላሽ በሚሠራባቸው ቀኖች፣ ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርድብን ነበር። ጥያቄ ጠይቆ «አንድ ደቂቃ» ይሰጠንና፣ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ነግሮን ያልፋል። ቁሙ ብንለው አይቆምም፤ አልገባንም ብንለው አይሰማም። አብዛኞቹ መምህራን ከፍተው ይቆሙና ሲያልቅ ይዘጉ ነበር። አንዲት የፊዚክስ መምህራችን ግን ድምፁን ትቀንስና በአማርኛ እያስረዳች፣ ሰሌዳው ላይ እየሣለች አብራው ትሄድ ነበር። በእርሷ ክፍል ሁላችንም ገባን። ከዚያ የተረዳሁት ነገር ይህ ነው፤ የቴሌቪዥን እውነተኛ ጉድለቱ የማይሰማ መሆኑ ነው፤ መድኃኒቱም ከጎኑ የሚሰማ ሰው መቀመጡ ነው። ለአራት ዓመት በማይሰማ ሣጥን ፊት ያስቀመጠን ትምህርት፣ ዛሬ ተነሥቶ እናቶቻችንን ስለ ሣጥኑ አደገኛነት ሊያስተምር ሲነሣ ትንሽ ማፈር ይገባዋል።

የመጨረሻውን ነገር ስጽፍ እኔው ራሴ አፍራለሁ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርቱ በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ። ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። እናቴ ለጣሪያችን ቆርቆሮ መቀየሪያ ብላ የጣለችው ዕቁብ ደርሷት ነበር። ቆርቆሮው ቀረና ከአንድ ነጋዴ ቤት ያገለገለ ቴሌቪዥንና ዲሽ ተገዛ። በዚያ ክረምት ዝናቡ በሚያፈስበት ቦታ ሁሉ ሳፋ ተደቅኖ፣ እኔ ደረቁ ጥግ ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ዘንድሮ «ይሸጥ» ያልኩት ይህንኑ ቴሌቪዥን ነው። እናቴ ይህን ልታስታውሰኝ ትችል ነበር፤ አላስታወሰችኝም። ያስታወሰችኝ አያቴ ናት፤ ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ቀስ ብላ።

እርግጥ ነው፣ የተቃዋሚዎቼ ወገን በሁሉም ነገር ተሳስቷል አልልም። ልጅን ለቴሌቪዥን አሳድግልኝ ብሎ የሚሰጥ ቤት አለ፤ ይህ ጥፋት ነው። ልጁ ደብተር አጥቶ ሳለ እንግዳ እንዲያይለት ግድግዳ የሚሞላ ቴሌቪዥን በብድር የሚገዛም አለ፤ ይህም ከንቱነት ነው። አንድ ቤተሰብ ተቀምጦ መክሮ «አንፈልግም» ቢል ውሳኔውን አከብራለሁ። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ከእኛ በፊት ያሰቡበት ሰዎች አሉ። በእኛ ቤት ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ወንድሜ ያጠናል፤ ሪሞቱም በእናቴ መቀነት ተቋጥሮ ይቆያል። ቡና ሲቀርብ ደግሞ ይዘጋል፤ እኔ ያን ረዥም ንግግር ሳደርግ የተሰማሁት ስለ ተዘጋ ነበር! ይህን ሕግ ያወጣ ኮሚቴ የለም፤ በክርክርም አልጸደቀም። እንጀራ የምትጋግር ሴት አወጣችው፤ ይሠራልም።

ቤቱ ጸጥ አለ፣ ጨዋታ ጠፋ፣ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ እያልን የምናለቅሰውን ሰዎች አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚያ ቤት የወጣው ማን ነው? በዓመት አንድ ጊዜ መጥተን፣ ያንኑ ጊዜ አንገታችንን ስልክ ላይ ደፍተን፣ ስንሄድ «እናቴን ቴሌቪዥን ወሰደብኝ» ማለት የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ቴሌቪዥኑ የተቀመጠው እኛ ለቅቀነው በሄድነው ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ያ ውሳኔ ይሻር፤ ቴሌቪዥን በቤት ይኑር አይኑር የሚለውን የሚቆርጠው በቤት የሚውለው ሰው ነውና። ሁለተኛ፣ ለወላጆቻችን ልናስረዳ የገባነው ቃል ወደ እኛ ይዙር፤ ቤት ስንገባ ስልካችንን አስቀምጠን ከጎናቸው እንቀመጥ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እናንብብላቸው፤ ያልታየውንና ያልተነገረውን እንንገራቸው፤ እነርሱም ለሣጥኑ የሚመልሱትን እንስማ። ከአያቴ መልሶች አንዱን እንኳ ከዚህ በፊት ጽፌ አላስቀመጥኩም።

በክርክሩ ምሽት የጮኸብኝ ጭብጨባ ዛሬ ቢቀርብኝ ግድ የለኝም። የሚቃወመኝ ካለ አዳራሹ ክፍት ነው፤ ይምጣና ይከራከረኝ። ከመምጣቱ በፊት ግን እናቱን ይጠይቅ።