ቆማ የምትውል መኪናና ዘይቷ

አኖ ከተማ ውስጥ ከቤት ገበያ ብቻ የምትመላለስ መኪና ያላቸው እናቶች «ገና 1 ሺህ ኪሎ ሜትር አልሄደችም፤ ዘይቷ ለምን ይቀየራል?» ይላሉ። ቁጠባው ያስመሰግናል፤ ስሌቱ ግን ጎዶሎ ነው።

ነዳጅ ሲቃጠል የውሃ እንፋሎት ይፈጠራል። መኪናዋ ነቀምቴ ደርሳ ስትመለስ ዘይቱ በደንብ ስለሚግል እንፋሎቱ ተኖ ይወጣል። በአጭር መንገድ ግን ሞተሩ ሳይግል ስለሚጠፋ ውሃውና ያልተቃጠለው ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይደባለቃሉ። ዘይቱ ይቀጥናል፤ ውሎ አድሮም እንደ ጭቃ ይረጋል። ግቢ ውስጥ አስነስቶ ጥቂት ደቂቃ ማቆየትም መድኃኒት አይደለም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። ሞተር ከነከሰ ደግሞ ወጪው የልጆችን ደብተርና ጫማ ይነካል።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በ6 ወር፣ ቢዘገይ በዓመት አንድ ጊዜ ዘይቱን ከነፊልትሮው ያስቀይሩ። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ ወተት የመሰለ ቅባት ካዩ ግን ቀኑን ሳይጠብቁ ለመካኒክ ያሳዩ።