ከስልክ ቀልድ እስከ ኤሚ ሽልማት፦ የኩዊንታ ብራንሰን መንገድ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ቲክቶክ ላይ የሚያስቁን እህቶች በዝተዋል። አንዷ የማዳሟን አነጋገር ታስመስላለች፣ ሌላዋ ስለ ደላላ ውሸት ትቀልዳለች። "ይሄ ነገር የት ያደርሰኛል?" ለምትል እህት የአሜሪካዊቷን ኮሜዲያን የኩዊንታ ብራንሰንን ሥራ ማየት ይጠቅማል።

ኩዊንታ በ1989 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ተወለደች። ለቤቱ አምስተኛ ልጅ ናት፤ ስሟም በስፓኒሽ "አምስተኛ" ማለት ነው። እናቷ የሕፃናት አስተማሪ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ሎስ አንጀለስ ሄደች፣ ሱቅ ተቀጥራም ሠራች። በ2014 ኢንስታግራም ላይ በለጠፈቻቸው አጫጭር ቀልዶች ታወቀች። ደህና ቦታ ተጋብዛ የማታውቅ ልጅ ሆና ትጫወታለች፤ ወንዱ ትልቁን ፈንዲሻ ሲገዛላት ሀብታም ነው ብላ ትደነቃለች።

ከዚያ በኋላ ግን ሰባት ዓመት ለፍታለች። ለባዝፊድ ቪዲዮ ሠራች፣ በ2019 በአንድ የኤችቢኦ የኮሜዲ ዝግጅት ተጫወተች። በታኅሣሥ 2021 ራሷ የፈጠረችውና ዋና ሆና የምትተውንበት "አቦት ኤለመንተሪ" በኤቢሲ ቴሌቪዥን ጀመረ። በ2022 በድርሰቷ ኤሚ ተሸለመች፤ በጥር 2024 ደግሞ በኮሜዲ ምርጥ ዋና ተዋናይት ተባለች። በዚህ ዘርፍ ጥቁር ሴት ስታሸንፍ ከ1981 ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት።

ታዲያ ምን ለየት አደረጋት? ዋናው ነገር ሳቁ የሚያርፍበት ቦታ ይመስለናል። ድራማው ገንዘብ ስለሌለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። መምህራኑ ዕቃ አጥተው ይቸገራሉ፣ ርዕሰ መምህሯ ግድ የላትም። ተመልካቹ የሚስቀው በአሠራሩ ላይ እንጂ በድሃ ልጆች ላይ አይደለም። ለማስታወቂያ ከተመደበው ገንዘብ የተወሰነው ለእውነተኛ መምህራን ዕቃ መግዣ እንዲውልም ተደርጓል።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በዐረብኛ ድራማ የቤት ሠራተኛ ስትታይ ብዙ ጊዜ ቋንቋ የምታበላሽ፣ የምትሳቅባት ናት። ለምን? ድርሰቱን የሚጽፈው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። በ2018 የወጣው የሊባኖስ ፊልም "ካፐርናዖም" ኮሜዲ ባይሆንም ልዩነቱን ያሳያል። ወረቀት የሌላትን ኢትዮጵያዊት ሆና የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሺፈራው፣ ፊልሙ በሚቀረጽበት ጊዜ ራሷ በወረቀት ጉዳይ ታስራ ነበር። ኑሮውን የምታውቅ ሰው ስትሠራው ማንም አልሳቀባትም።

ነገር ግን መንገዱ እኩል አይደለም። ኩዊንታ የቀረጸችው በአገሯ፣ በነፃነቷ ነው። በ2023 የአሜሪካ ደራሲያን በማኅበራቸው በኩል 148 ቀን ሥራ ሲያቆሙ የእሷም ድራማ ቆመ፤ ተመልሳም ሥራዋን ቀጠለች። የገልፍ የቤት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ጥላ የላትም። በዚያ ላይ ሕጉ ከባድ ነው። በኤምሬትስ ሰውን ያለፈቃዱ ቀርጾ መልቀቅ ቢያንስ ስድስት ወር እስር ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም ቅጣት፣ አለዚያም ሁለቱንም ያስከትላል። በሳዑዲ በስልክ ካሜራ የሰውን ገመና መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ሊያስቀጣ ይችላል።

ስለዚህ እህቴ፣ ቀልዱን አትተዪው፤ ግን ተጠንቀቂ። የአሠሪሽን ቤት፣ ልጆች፣ ድምፅ ወይም ስም ቪዲዮ ውስጥ አታስገቢ። በንዴት ሰዓት ላይቭ አትግቢ። ታሪኩን ስም ቀይረሽ፣ ቦታ ቀይረሽ ሥሪው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ደብተር ያዢና ጻፊው፤ ስልክሽ ቢወሰድ እንኳ ሐሳብሽ አይጠፋም። ኩዊንታን እዚህ ያደረሳት ፊቷ ብቻ ሳይሆን የጻፈችው ነው፤ ለመጻፍ ደግሞ እስክርቢቶና የእረፍት ሰዓት ይበቃል።